የፎሬክሱ ምርጫ

ሰው ኪሳራውን ይደብቃል የሚለውን አባባል የፈጠረው ከግብር ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ በየዓመቱ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ፣ ለስምንት ዓመት ያህል የሰው ግብር ስሠራ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኪሳራውን የሚያወጣው የልጁን ፎቶ እንደሚያሳይ አባት ነው። የተገጨ ታክሲ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሶፋ፣ በተከፈተ በስድስት ወሩ የተዘጋ ምግብ ቤት፤ «ይሄም ይቀነሳል አይደል?» ይላል፣ ዓይኑ እየበራ። የሚደበቀው ትርፍ ነው። ትርፍን በጥያቄ፣ ከዚያ በልመና፣ በመጨረሻም በማስፈራራት ነው ከሰው አፍ የምታወጣው።

ይህን ደንብ ያፈረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው ያጋጠመኝ። ትርፉን እየሳቀ ነገረኝ፤ ኪሳራውን ደበቀ። ለመክሰሩ ተጠያቂ አይደለሁም። ኪሳራው ምንም እንዳይጠቅመው ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው የአሜሪካን ግብር ለማያውቅ ሰው ነው።

ቢሮዋ የአንድ ወዳጄ ነበረች። በሩ አጠገብ ካርጎ ይመዘንባታል፣ መሐል ላይ ወዳጄ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ከኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጎን፣ እኔ አለሁ። የካርጎውን ሚዛን የያዘችው ሴት ከሁላችንም ጠረጴዛ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች፤ ያልሰማችውንም ትመልሳለች። ደንበኛ የግብር ምሥጢሩን ሊነግረኝ ሲጎነበስ እሷ ከወዲያ «ባለፈው ዓመት እንደዚህ አላልክም ነበር» ብላ ስታርመው ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው።

ሰውየው የመጣው እንደ ፈረንጅ በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። ሚድ ዊልሻየር ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ የፓርኪንግ ሒሳብ ይቀበላል። ሚስቱ ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ቫን ናይስ ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ተከራይተው ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አገር ቤት ሳለ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻና ውል ይጽፍ የነበረ ሰው ነው፤ ይህ ሞያው በኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል። ቢያንሰኝ በአምስት ዓመት ነው፤ ግን ጋሼ ይለኛል። ግብር የሚሠራልህን ሰው ጋሼ ማለት አይከፋም።

የዚያን ዓመት ወረቀቱን ጨርሰን ሲነሣ፣ «ጋሼ፣ ፎሬክስ ልጀምር ነው» አለኝ።

«ምን ልትሆን?»

«የውጭ ምንዛሪ። ዩሮ በዶላር። ሳጥኔ ውስጥ ሆኜ በስልኬ።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። ዩሮ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብለህ ትወራረዳለህ፤ በአንድ ዶላርህ የሃምሳ ዶላር ዩሮ እንድትይዝ ይፈቀድልሃል፤ ስለዚህ ዩሮ በጣም ትንሽ ሲያስነጥስ አንተ የሳንባ ምች ይይዝሃል። ሰዎች ይሄ ቁማር ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቁማር ቤት ቢያንስ ምንጣፍ አለው፤ የገባበትን ያውቃል ሰው። ይሄ ራሱን ንግድ ብሎ ነው የሚጠራው።

ይህን ብነግረው ደግ ነበር። ግን ያን ሰሞን ስለ ውጭ ምንዛሪ ንግድ ግብር አንድ ወፍራም መመሪያ አንብቤ ጨርሼ ነበር፤ አዲስ ነገር ያነበበ ሰው ደግሞ አዲስ ቢላዋ ከገዛ ሰው አይሻልም፤ የሚቆርጠው ይፈልጋል።

«ገና አልገዛህም?» አልኩት።

«አካውንት ከፈትኩ እንጂ። ሰኞ ነው ዴፖዚት የማደርገው።»

«እንግዲያው ከሰኞ በፊት ምርጫ ማድረግ አለብህ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ። «የምን ምርጫ?»

«የግብር ምርጫ።»

«ጋሼ፣ እኔ አገሬን የለቀቅኩት በምርጫ ምክንያት ነው።»

«ይሄኛው ይለያል። አንድ መራጭ፣ አንድ ድምፅ፣ ኮሮጆ የለ፣ ታዛቢ የለ።»

«ቆጣሪውስ?»

«አንተው ነህ።»

«እንዲህ ከሆነ ማጭበርበር ቀላል ነዋ!» አለች የካርጎዋ ሴት፣ ሻንጣ እያሰረች።

ሕጉን አስረዳሁት። ምርጫ ያላደረገ ሰው የምንዛሪ ትርፉም ኪሳራውም እንደ ደሞዝ ይታያል፤ ካተረፈ እንደ ደሞዝ ይቀረጣል፤ ከከሰረ ደግሞ ኪሳራው በሙሉ ከደሞዙ ላይ ይነሳለታል። የመረጠ ሰው ግን ከትርፉ ስድሳ በመቶው ለረጅም ጊዜ ይዞት እንደኖረ ንብረት ይቆጠርለትና ግብሩ ይቀልለታል። ቢከስር ከደሞዙ ላይ በዓመት መቀነስ የሚችለው ሦስት ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ምርጫው ወደ መንግሥት አይላክም። ንግዱ ከመጀመሩ በፊት ነጋዴው ራሱ መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ ቀን አድርጎበት ያስቀምጠዋል። በቃ።

ትርፉን የሚመለከተውን በደንብ አስረዳሁ። ኪሳራውን የሚመለከተውን አንድ ጊዜ ተናግሬ አለፍኩ። እሱም አንድ ጊዜ ሰምቶ አለፈ። ለመክሰር ብሎ አካውንት የሚከፍት ሰው የለም።

አንድ መስመርና አንድ ቀን ይበቃ ነበር። እሱ ግን ከቦርሳው ሰማያዊ ደብተር አወጣ፣ እስክሪብቶውን ሞከረ፣ ጀርባውን አቀና፤ በአንድ ጊዜ ጃንጥላው ሥር ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች የሰፈረው ግለሰብ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያታልለኝ፣ ወድጄና ፈቅጄ...» ብሎ ጀመረ። ገጹን ሞላው። ቀኑን ጥር 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሎ ጻፈ፤ የፈረንጁንም እንዲጨምር ለመንኩት። መጨረሻው ላይ «ይህ ምርጫ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» አለ።

«እሱ እኮ የኢትዮጵያ ሕግ ነው» አልኩት።

«የጸና ነገር የትም የጸና ነው። አሁን እማኝ።»

«እማኝ አያስፈልግም።»

«ጋሼ፣ አንተ ግብር ታውቃለህ፤ ውል ለኔ ተወው። እማኝ የሌለው ወረቀት መጠቅለያ ነው።»

ወዳጄ ፈረመ። የካርጎዋ ሴት እጇን ከማሸጊያው ሙጫ ጠርጋ ፈረመች፤ ስትፈርምም «እንግዲህ ባንክ ስትሆን እንዳትረሳን» አለችው። እኔ አልፈረምኩም። አማካሪ እማኝ አይሆንም ብዬ ቀለድኩ። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ጥንቁቅ ቀልዶች አንዱ ነው።

በሚቀጥለው ማርች ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ ይስቃል። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር አትርፏል። ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ሳይቀንስ ተናገረው፤ የትኬት ወረፋ የያዙ ሰዎች ዞረው አዩት። የሚያገበያየው ብሮከር ለመንግሥት የላከው ወረቀት አልነበረም፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን ሪፖርት ማድረግ ፈለገ። ገቢው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማየት የፈለገ ይመስለኛል፤ ሰው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለስንት ዓመት የሌላ ሰው መኪና ይቆጥራል?

ሠራሁለት። ምርጫው ከግብሩ ላይ ስምንት መቶ ዶላር ያህል አዳነለት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ድምፄ ተቆጠረ ማለት ነው!» አለ። እኔም እንደ ሊቅ ፈገግ አልኩ። እንደ ባለሙያዎቹ አባባል አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ግብይት ከማድረጉ በፊት፣ ምርጫውን መሻር ይችል ነበር። ጃንዋሪ ላይ ስልክ አንሥቼ «ዘንድሮስ?» ማለት ነበረብኝ፤ የአምስት ደቂቃ ነገር። አልደወልኩም። ያን ጊዜ ምን እሠራ እንደነበር አላስታውስም፤ ምናልባት አነብ ነበር።

በ2015 ፌብሩዋሪ መጣ። ዘንድሮ ድምፅ አልነበረውም። የእሱንና የሚስቱን የደሞዝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ፎሬክሱስ?» አልኩ።

«ተውኩት።»

«መቼ?»

«እሱ ነው የተወኝ።»

ሠላሳ ደቂቃ ያህል ስለ ልጁ ትምህርት ቤትና ስለ ጎማ ዋጋ አወራን። ትርፍ ከሰው አፍ የማወጣበትን ዘዴ ሁሉ ተጠቀምኩ፤ ለኪሳራ ስጠቀምበት የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ ስልኩን ከፍቶ ገፋልኝ። ሠላሳ ሰባት ሺህ። ባለፈው ግንቦት ዩሮ መውረድ ሲጀምር ይመለሳል ብሎ ጨመረ፤ ሲወርድ ጨመረ፤ በወረደ ቁጥር ርካሽ ነው ብሎ ጨመረ። ብሩ ባልና ሚስቱ በዘጠኝ ዓመት ያጠራቀሙት ነበር፤ ቫን ናይስ ለሚገዛ ኮንዶ ቅድሚያ ክፍያ። ሚስቱ አታውቅም። ባለፈው ዓመት ባገኘው ትርፍ ብቻ የሚጫወት ነው የሚመስላት። የባንኩን ወረቀት የሚከፍተው እሱ ነው፤ እሷ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች።

ሒሳቡን ሠራሁ። ባይመርጥ ኖሮ ኪሳራው በሙሉ ከደሞዛቸው ይነሳና አምስት ሺህ ዶላር ያህል ይመለስላቸው ነበር። አምስት ሺህ ሠላሳ ሰባት ሺህ አይደለም፤ ግን ለሚስት በባዶ እጅ ከመናገር አምስት ሺህ ይዞ መናገር ይሻላል። አሁን ግን መርጧል። ሕጉ አንድ ምሕረት ብቻ ነበረው፤ ካምናው ትርፍ ጋር ተቀናንሶ ያኔ የተከፈለችው አምስት መቶ ምናምን ዶላር ትመለሳለች። የቀረው ሃያ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ በዓመት ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ እየተባለ አሥር ዓመት ይወስዳል።

«አሥር?» አለ።

«የመጨረሻው ዓመት ትንሽ ነው።»

ከቦርሳው ሰማያዊውን ደብተር አወጣ። ያንን ገጽ ከፈተ። ወደ እኔ ተጠግቶ፣ «ይቺን ገጽ ቀደን ብንጥላትስ?» አለ በሹክሹክታ።

የካርጎዋ ሴት ቀና አለች። ምን እንደሰማች አላውቅም፤ ፊርማዋ ግን ከገጹ ግርጌ ተቀምጧል፣ ከወዳጄ ፊርማ ጎን። ሁለታችንም ወደ እሷ አየን፤ ደብተሩ ተዘጋ። እርግጥ እማኝ ባይኖርም በአምናው ግብር ላይ ምርጫው ተጽፏል፤ ትርፉን በአንዱ ሕግ ከፍሎ ኪሳራውን በሌላው መጠየቅ አይቻልም። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እጁን የያዘው የአምናው ግብር አይደለም። አንድ መስመር ይበቃ የነበረውን ነገር እሱ ራሱ በእማኝ አጽንቶታል።

«ኦኬ» አለ፣ «ጭራሽ ሪፖርት ባናደርገውስ?»

«ኪሳራውን?»

«ትርፍ መደበቅ ነው ወንጀል። ኪሳራ መደበቅ ትሕትና ነው።»

ሳልወድ ሳቅሁ። የፈለገው ግብር መሸሽ አልነበረም፤ ግብሩን አብዝቶ ለመክፈል ነበር የሚለምነኝ። የጋራ ግብር ስለሆነ ሚስቱ ትፈርማለች፤ ኪሳራው ወረቀቱ ላይ ካለ ታየዋለች፤ ዘንድሮ ባታየው ከርሞ፣ ከርሞ ባታየው በአሥረኛው ዓመት ታየዋለች። ከወረቀቱ ከጠፋ ግን እስከ ፋሲካ ጊዜ ያገኛል። ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ አለ።

«ለምን ከፋሲካ በኋላ?»

«ሁዳዴ ነው ጋሼ። ሌሊቱን በባዶ ሆድ ቆማ ነው የምታድረው። በጾም እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት ይነገራል?»

«ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። አንተ ዝም ካልክ ስምንት ወር ሆነህ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ እውነት ያድናል ይላል። እኔ ካየኋቸው ትዳሮች ግማሹን ያቆየው በጊዜው ያልተነገረ ነገር ነው፤ ይህን እምነቴን ስንት ጊዜ በአደባባይ ተከራክሬበታለሁ። ስለዚህ ዝምታው አላስከፋኝም። ሁለት ወረቀት አዘጋጀሁ፤ አንዱ ኪሳራው ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እናስብበት ተባባልን። ያሰበበት የለም።

ሚስቱ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከቀትር በፊት መጣች። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ነበረች፤ ሌሊቱን ሠርታ በቀጥታ ከፓሳዴና ነው የመጣችው። እሱ ከኋላዋ ነው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የካርጎዋ ሴት አግኝታት፣ በቅንነት ነው፣ «ፎሬክሱ እንዴት ሆነ? ኮንዶውን ገዛችሁ?» ብላት ነበር። እማኝ የሚጠራው ያየውን እንዲናገር ነው፤ በዚህ ልትወቀስ አይገባም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለችኝ ቁጭ ብላ። «ሌላ ጊዜ ወረቀቱን ቤት ያመጣልኛል፣ ሳይን አድርጌ እሰጠዋለሁ። ዘንድሮ ላንብበው ብዬ ነው።»

«ጥሩ አደረግሽ» አልኩ።

ባሏ አላየኝም። ማተሚያውን ያያል። ሁለቱ ወረቀቶች ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ። እውነተኛውን አተምኩ። ጀግንነት እንዳይመስል፤ ከወረቀቱ ሥር አዘጋጅ ተብሎ የሚሰፍረው የእኔ ስም ነው።

ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች አነበበች። የእሷ ደሞዝ፣ የእሱ ደሞዝ። ከዚያ ቆመች።

«ይሄ በቅንፍ የተጻፈው ምንድን ነው? ሦስት ሺህ።»

«ቅንፍ ማለት ኪሳራ ነው» አልኩ። «እዚህ አገር ኪሳራ ሲጻፍ በቅንፍ ነው።»

«የፎሬክሱ?»

«የፎሬክሱ።»

ወደ ባሏ ዞረች። ትከሻዋ ወረደ፤ ስትገባ ጀምሮ ወደ ላይ ይዛው እንደነበረ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። «ሦስት ሺህ ነው እንዴ?» አለችው። «አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ምን ሆነ ብዬ፣ ስንቱን አሰብኩ! ሦስት ሺህ! በሱ ነው እንግዲህ እህል አልበላም ስትል የከረምከው?» ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «እንኳን ጾም ሆነልህ!»

እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ዓይኑ ምን እንደሚል ግልጽ ነበር፤ ዝም በል ነው። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አልዋሸሁም፤ የጠየቀችኝን መልሻለሁ። እጄን ዘርግቼም ነበር። ግን የሆስፒታል ሠራተኛ ናት፤ ወረቀት ስታነብ ጀርባውን ትገለብጣለች።

«ይሄስ? ሃያ አራት ሺህ ስምንት መቶ። እሱም በቅንፍ ነው።»

«ወደሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ነው።»

«ምኑ?»

«ኪሳራው። በዓመት ሦስት ሺህ ብቻ ነው መቀነስ የሚቻለው። ካምናው ትርፍ ጋር የተቀናነሰም አለ። ሁሉም አንድ ላይ ሠላሳ ሰባት ሺህ ነው።»

ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አገጣጠመችው። ከዚያ ወደ ባሏ ሳትዞር፣ «የቤቱ ብርስ?» አለች።

«እሱ ነው» አለ።

የካርጎዋ ሴት የማሸጊያውን ሙጫ መለጠጥ አቆመች።

«ለምንድን ነው በዓመት ሦስት ሺህ ብቻ የሆነው?» አለችኝ። «እኛ ሆስፒታል አንድ ፊሊፒኖ አለ፤ እሱም በዚሁ ፎሬክስ ከስሮ በአንዴ ነው የቀነሰው። ታክስ ሪፈንድ አገኘሁ ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

«እሱ ምርጫ አላደረገም ይሆናል።»

«የምን ምርጫ?»

አጭር አድርጌ ነገርኳት። ስነግራት ድምፄ የመመሪያ ድምፅ ነበረው፤ እንዲህ ያለ ጊዜ መሸሸጊያ የሚሆነኝ እሱ ነው።

«ማነው ምረጥ ያለው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን አስታውሳለሁ።

«ማንም አላለኝም» አለ ባሏ። «እኔው ነኝ፤ አንብቤ።»

«አንተ? በእንግሊዝኛ? ያንን ሁሉ?»

«አንብቤ ነው አልኩሽ።»

የካርጎዋ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ወዳጄም ከትኬቱ ጠረጴዛ አየኝ። ማን ምን እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያን ቀን አጠገባችን ነበሩ። እሷ አጎንብሳ ካርቶኑ ላይ አድራሻ መጻፍ ጀመረች። ወዳጄ ስልክ አነሣ፤ ስልኩ የጠራ አይመስለኝም። አፌን ዘጋሁ። ሰውየው ለምን እንደሸፈነልኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ደግነት ነው ይሉኛል ሰዎች። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው፤ ከጠፋው ሁሉ በራሱ ውሳኔ ጠፋ ሊለው የሚችለው ነገር ፈልጎ ነው። ይህን ማመን ለእኔም ይመቸኛል፤ ስለዚህ አላምነውም።

«ካልፈረምኩስ?» አለች።

«ለየብቻችሁ ታስገባላችሁ። ግብሩ ይጨምራል። የሚቀነሰውም ለእያንዳንዳችሁ ሺህ አምስት መቶ ይሆናል።»

«ለኔም? እኔ ምን ከስሬ?»

«በዚህ ስቴት ሕግ ባልና ሚስት ሳላችሁ የተገኘው የጋራ ነው። የጠፋውም እንደዚያው። ግማሹ የአንቺ ነው።»

«ሳላውቀው የከሰርኩት።»

«አዎ።»

«ብንፋታስ?»

ባሏ ኮቱን መቆለፍ ጀመረ።

«ያኔም ግማሹን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፤ የታማሚ ግፊት ለክታ ቁጥሩን እንደምትመዘግብ። «ልጄ በአሥር ዓመት ሃያ አራት ይሞላታል» አለች። እስክሪብቶ ጠየቀች። በፌዴራሉም በስቴቱም ወረቀት ላይ ፈረመች፣ ቀን አደረገች፣ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ መለሰችልኝ። ከዚያ እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። እጁን ልትይዘው መስሎት እሱም ዘረጋ። «ቁልፉን» አለችው። የመኪናውን ቁልፍ ሰጣት። እኔን «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ፣ የካርጎዋን ሴት ሳታያት አልፋ ወጣች። የሠራሁበትን ሒሳብ የከፈለኝ እሱ ነው። ተቀበልኩ።

ከዚያ ቆሞ ቀረ። ቅዳሜ ነው፤ ወደ ቫን ናይስ በአውቶቡስ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ላድርስህ አልኩት። ፌርፋክስን ሽቅብ ነዳሁ። የምለው እየፈለግኩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ግን ይቅርታ ብጠይቀው ያ ሐሰቱ ሐሰት መሆኑን ሁለታችንም መናገራችን ነው፤ ከዚያ ሐሰት ሌላ ምንም የቀረው ሰው አልመሰለኝም። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ብዙ ማንበብ ለዚህ ይጠቅማል።

«ትመለሳለች» አልኩ በመጨረሻ፣ የማላውቀውን።

«ቤት ናት። የት ትሄዳለች?» አለ። «ትተኛለች። ከዚያ ተነሥታ ሥራ ትገባለች። ነገም እንደዚያው። አንድ ቃል አትናገረኝም። አውቃታለሁ፤ እናቷም እንደዚህ ናት፤ አባቷን አሥራ አንድ ዓመት አላናገረችውም፤ እያበላችው።»

ቀይ መብራት ያዘን። ስልኩን አወጣ። ሚስቱ ጽፋለት እንደሆን የሚያይ መሰለኝ።

«አካውንቱ ላይ ስድስት መቶ ምናምን ዶላር ቀርቶልኛል» አለ። «ጋሼ፣ ዩሮ እኮ መውረዱን ጨርሷል፤ ከዚህ በታች አይወርድም። የሚገባ ሰው አሁን ነው መግባት ያለበት።»

ልቆጣው ይገባ ነበር። ስልኩን ነጥቄ በመስኮት ልወረውርለት ይገባ ነበር። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። እኔ ግን እግሬን ፍሬኑ ላይ እንዳደረግኩ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለማየት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብያለሁ።